በሸራ ጀልባ እየኖሩ ከቤተሰብ ጋር እንዴት እንደሚገናኙ

በሸራ ጀልባ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ሰው ቤተሰቡን የሚያስጨንቀው አደጋ ሲደርስበት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቃቸው ምንም ሳይሆን ድምፁ ሲጠፋ ነው። ባትሪው ቢደክም ወይም አንቴናው ጨዋማ ውኃ ቢገባው እሱ ደህና ነው፤ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የተቀመጠች እናት ግን ይህን የምታውቅበት መንገድ የላትም። ስለዚህ መሣሪያ ከመግዛት የሚቀድመው ሥራ ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብሎ መስማማት ነው። ከዚህ በታች እንደ ምሳሌ የምንከተለው ከካናሪ ደሴቶች ከላስ ፓልማስ ተነሥቶ ካሪቢያን ውስጥ ወዳለችው ሴንት ሉሲያ የሚወስደውን፣ ብዙ ጀልባዎች የሚሄዱበትን የአትላንቲክ መስመር ነው። ርቀቱ 2,700 ኖቲካል ማይል (5,000 ኪሎ ሜትር) ያህል ሲሆን ለአብዛኞቹ ጀልባዎች ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል።

መጀመሪያ የጉዞውን ዕቅድ በወረቀት ጽፈው አንድ ኃላፊነት ለሚቀበል ሰው ይስጡ። የጀልባው ስም፣ ቀለምና የተመዘገበበት አገር፣ አብረው የሚጓዙት ሰዎች ስም፣ በጀልባው ላይ ያሉት የመገናኛ መሣሪያዎችና ቁጥሮቻቸው እንዲሁም ጀልባው የተመዘገበበት አገር የባሕር ነፍስ አድን ማዕከል ስልክ ይስፈርበት። ሰውየው ጀልባው በተመዘገበበት አገር ቢኖር ይመረጣል፤ በችግር ጊዜ ከማዕከሉ ጋር በቋንቋቸው መነጋገር ይቀልለዋልና። ኢትዮጵያ ያሉ ዘመዶች ወሬውን ሁሉ ከእሱ ብቻ እንዲሰሙ ያድርጉ። የመድረሻውን ቀን በአንድ ዕለት አይወስኑት። ነፋስ ሲጠፋ አንድ ሳምንት መዘግየት የተለመደ ስለሆነ «ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን» ብለው፣ በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ይጻፉላቸው።

ቀጥሎ መሣሪያ ይመርጣሉ። የእጅ ስልክ ከባሕር ዳርቻ ጥቂት ማይሎች እንደራቁ ይጠፋል። መርከቦች በአጭር ርቀት የሚነጋገሩበት ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ከምሰሶ ጫፍ አንቴና ጋር ከባሕር ጠረፍ ጣቢያ እስከ 20 ወይም 30 ማይል ድረስ ያገለግላል፤ ለደኅንነት የግድ የሚያስፈልግ ቢሆንም ከቤተሰብ ጋር አያገናኝም። በውቅያኖሱ መካከል የሚሠራው የሳተላይት መሣሪያ ነው። ኢሪዲየም የተባለው የሳተላይት መገናኛ 66 ሳተላይቶችን በመጠቀም መላውን ምድር ይሸፍናል፤ በእሱ የሚሠሩት አነስተኛ የመልእክት መሣሪያዎች ኃይል ስለሚቆጥቡ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው እነሱን ነው። ስታርሊንክ የተባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ምስልና ድምፅ በደንብ ያስተላልፋል፤ ነገር ግን 50 ዋት የሚስብ አንቴና ሌት ተቀን ቢበራ ከ12 ቮልት ባትሪ 100 አምፒር ሰዓት ይወስዳል። ይህ ለብዙ ጀልባዎች የማይቻል በመሆኑ በቀን ለአንድ ሰዓት ብቻ ማብራት ይበጃል፤ የገዙት የአገልግሎት ዓይነት ክፍት ውቅያኖስን የሚያካትት መሆኑንም ሳይነሡ ያረጋግጡ። የአማተር (ለንግድ ያልሆነ የግል) ሬዲዮ ፈቃድ ያላቸው ደግሞ በረጅም ርቀት ሬዲዮ፣ ዊንሊንክ በተባለው የሬዲዮ ኢሜይል አገልግሎት በኩል አጫጭር ኢሜይሎችን ያለ ክፍያ መላክ ይችላሉ።

ሰዓት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ላስ ፓልማስ ሲነሡ ከኢትዮጵያ በሦስት ሰዓት ወደኋላ ነዎት፤ ሴንት ሉሲያ ሲደርሱ ልዩነቱ ሰባት ይሆናል። በጀልባው ሰዓት ከተቀጣጠሩ ቀጠሮው በየጥቂት ቀኑ ይንሸራተታል። ስለዚህ የቤተሰቡን ሰዓት ይያዙ፤ ለምሳሌ በኢትዮጵያ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ብለው ቢወስኑ በዓለም አቀፉ ሰዓት (UTC) ሁልጊዜ 16:00 ነው፤ በጀልባው የመዝገብ ደብተር ላይም በዚሁ ይጻፉት።

የዕለቱ መልእክት አጭርና አንድ ዓይነት ቅርጽ ያለው ይሁን፦ «ሁላችንም ደህና ነን። 17 ዲግሪ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ ምዕራብ። ነፋሱ መልካም ነው። ዛሬ ትልቅ ዓሣ ያዝን።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እንዳይተዋት፤ ቤተሰብ ደጋግሞ የሚያነባት እሷን ነው። በተለመደው የስልክ ጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 የሚሆነው ቦታ በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ነው፤ አንዳንድ የሳተላይት መሣሪያም ፊደላችንን ላያሳይ ስለሚችል ወደብ ላይ ሳሉ ከተቀባዩ ስልክ ጋር ይሞክሩት። ማንበብ ለማይችሉ አያት በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መላክ ከሁሉ ይሻላል።

ከዚያም የዝምታውን ደንብ ይወስኑ። ለምሳሌ አንድ ቀን መልእክት ቢቀር ማንም ምንም አያደርግም፤ ሁለት ቀን ሲሆን ኃላፊው በሌላው መሣሪያ ይሞክራል፤ ሦስተኛው ቀን ሲሞላ ወደ ነፍስ አድን ማዕከሉ ይደውላል። በ406 ሜጋኸርትዝ የሚሠራው የአደጋ ምልክት ማስተላለፊያ ግን ከዚህ ደንብ ውጭ ነው። ምልክቱ እንደተሰማ ማዕከሉ በምዝገባው ላይ ወደሰፈረው ስልክ ስለሚደውል፣ የዚያ ስልክ ባለቤት ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ከሁሉ የሚከብደው የመርዶ ጉዳይ ነው። በአገራችን መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ቤት ድረስ ተሄዶ ይነገራል። በውቅያኖስ መካከል ግን ዘመድም የለም፣ ነፋሱን ተቃውሞ መመለስም አይታሰብም፣ ቀብሩም አይጠብቅም። ስለዚህ በባሕር ላይ ሳሉ ሊነገርዎ ወይስ ወደብ ሲደርሱ ሊሰሙ እንደሚፈልጉ ሳይነሡ ራስዎ ይወስኑ። ይነገረኝ ካሉ መልእክቱ በቀጥታ ወደ እርስዎ ሳይሆን ወደ ጀልባው አዛዥ ወይም ወደ ባልደረባዎ ይሂድ፤ እሱም ነግቶ፣ የጥበቃ ተራዎ ካለቀ በኋላ ይንገርዎ፤ በዚያ ሌሊትም ብቻዎን ጥበቃ አይቁሙ። ወደብ ላይ ይሁን ካሉ ደግሞ በየቀኑ «አባባ እንዴት ናቸው?» እያሉ አይጻፉ፤ ቤተሰብዎን ወደ ውሸት ይገፋሉ። ኢንተርኔት ባለበት ጀልባ ዘመዶች የሐዘን መግለጫና ፎቶ ፌስቡክ ላይ እንዳያወጡ ኃላፊው አስቀድሞ ይለምናቸው።

በዓላትንም ያስቡ። የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ኖቬምበር 30 ስለሚያበቃ ብዙዎቹ በዚያው ሰሞን ይነሣሉ፤ በታኅሣሥ መጀመሪያ የሚነሣ ሰው ገናን በባሕር ላይ ሊውል ይችላል። ለልጆች የሚሆን የእንኳን አደረሳችሁ ድምፅ አስቀድሞ ቀድቶ ለኃላፊው መተው ከበዓሉ ዕለት የኔትወርክ ጭንቀት ያድናል።

መልሕቅ እንደጣሉ፣ ጉምሩክና ኢሚግሬሽን ከመሄድዎ በፊት፣ ለኃላፊው «ደርሰናል፣ ጉዞው ተዘግቷል» ብለው ይጻፉ፤ ምላሹን እስኪያገኙም መሣሪያውን አያጥፉ፤ መልእክቱ ካልደረሰው የሦስት ቀኑ ቆጠራ አይቆምም።