የማይድን ሕመም ከተነገረ በኋላ ከተቀየሙት ሰው ጋር ለመታረቅ

ሕመምዎ እንደማይድን ሐኪም ከነገረዎ፣ ከእርቁ በፊት ሥቃዩን ማስታገስ ይቀድማል። ፈሳሽ ሞርፊን ከታዘዘልዎ ሕመሙ እስኪነሳ ሳይጠብቁ በሰዓቱ ይውሰዱት፤ ሱስ ይሆንብኛል ብሎ መተው፣ በእኔ እምነት፣ በከንቱ መሠቃየት ነው። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ።

ጠያቂ በሚበዛበት የደሴ ቤት የልብ ወሬ አይወራም፤ ስለዚህ የተቀየሙትን ወንድምዎን ከኮምቦልቻ ሲያስጠሩ፣ መድኃኒቱን ከወሰዱ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ቡናው ተፈልቶ ጎረቤት ሳይሰበሰብ እንዲደርስ ያድርጉ። የራስዎን ጥፋት ለይተው ተናግረው «አፉ በለኝ» ይበሉት እንጂ የእርሱን አይቁጠሩበት። ከዚያ በኋላ ስለ ልጅነት መጫወትና መሳቅ ነውር የለውም፤ ደስታውም ያው እርሱ ነው። ጠቡ የመሬት ወይም የውርስ ከሆነ ግን ቃል ብቻ ስለማይበቃ፣ አቅም ሳይደክም ሽማግሌ ተቀምጦበት በጽሑፍ ይቋጭ።