ፒካፑ ሲሞቅ ይጠፋል? ከእነዚህ ስህተቶች ራቁ

ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ግማሽ ሰዓት ያህል ደህና ይነዳል። ከዚያ ትራፊክ መብራት ላይ ወይም ዳገት መሃል ጸጥ ይላል። ትንሽ ካረፈ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይነሳል። አሮጌ ሀይሉክስ ያላችሁ ይህን ጸባይ ታውቁታላችሁ። እዚህ የማወራው በተለይ ስለ 22 አር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሀይሉክሶች ላይ የነበረው ባለ 2.4 ሊትር፣ ባለ ካርቡሬተር የቤንዚን ሞተር። ለናፍጣውም ጥቂት እላለሁ።

ከቀዘቀዘ በኋላ መመርመር

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። መኪናው መንገድ ላይ ይጠፋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ተነስቶ ጋራዥ ይገባል። መካኒኩ ቢያየው ቢያየው ደህና ነው። ስለዚህ ግምት ይጀመራል። ኮይል (ለካንዴላው ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ይቀየራል፣ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ይቀየራል፣ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው) ይፈታል። ባለቤቱ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ይመላለሳል።

ምልክቱ የሚገኘው ሞተሩ እንደጠፋ፣ ገና ትኩስ እያለ ነው። ስለዚህ አንድ ትርፍ ካንዴላ መኪናው ውስጥ ይኑራችሁ። እንደጠፋ አንዱን የካንዴላ ገመድ ንቀሉና ትርፉን ሰኩበት። የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩ፤ ገመዱን በባዶ እጅ አትያዙ። ሌላ ሰው በቁልፉ ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) ይምታ። ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ግን ይህን ጨርሶ አትሞክሩ። ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ካያችሁ ወደ ነዳጁ ሂዱ። ብልጭታ ከሌለ ኮይሉን፣ ኢግናይተሩን (የኮይሉን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጥና የሚያገናኘውን) እና ሽቦዎቹን ጠርጥሩ።

ነዳጁን ለማየት ብዙ መፍታት አያስፈልግም። ካርቡሬተሩ ላይ ትንሽ መስታወት አለች፤ ውስጡ ያለውን የቤንዚን ልክ ታሳያለች። ስንቱ ባለቤት አይቷት እንደማያውቅ ይገርመኛል። ባዶ ከሆነች ነዳጅ አልደረሰም ማለት ነው።

አጠፋፉን ልብ አለማለት

ቁልፍ የተዘጋበት ያህል በአንዴ ድርግም ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሪክ ነው። እየተንገጫገጨ፣ ጉልበት እያጣ ከሞተ ነዳጅ ነው። መካኒክ ጋ ስትሄዱ «ይጠፋል» ብቻ አትበሉ፤ እንዴት እንደሚጠፋ ንገሩት።

ሚኒሞውን (ነዳጅ ሳይሰጥ የሚዞርበትን ፍጥነት) ከፍ አድርጎ መሸኘት

ነዳጅ ስትሰጡት የሚሄድ፣ እግራችሁን ስታነሱ የሚጠፋ ከሆነ፣ ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን የነዳጅ መዝጊያ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የምትከፈትና የምትዘጋ ቫልቭ) እዩ። ስትሞቅ ሥራ የምታቆም አለች። ሞተሩ ትኩስ እያለ ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱና ዝጉ፤ «ጠቅ» ማለት አለባት። ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ ሽቦዋ ላይ ኤሌክትሪክ መድረሱን ለኩ። ቪት አጥብቆ ሚኒሞ ማሳደግ ችግሩን ይደብቃል፤ ቤንዚንም ይበላል።

ትኩስ ኮይል ለክቶ መጣል

የኮይል ሽቦ መዳብ ነው፤ መዳብ ሲሞቅ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሬዚስታንሱ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) 0.4 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከ20 ወደ 80 ዲግሪ የሞቀ ኮይል ንባቡ ሩብ ያህል ቢጨምር ጤነኛ ነው። የሚያስጥለው ንባቡ ሲዘላልል ወይም ጭራሽ ሲጠፋ ነው።

የሰልባትዮውን ክዳን መርሳት

ይህ ሙቀት ይመስላል እንጂ አይደለም። የሰልባትዮው (የነዳጅ ታንከሩ) መተንፈሻ ከተደፈነ ቤንዚኑ በተቀነሰ ቁጥር ውስጡ አየር ያጥረዋል፤ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ክዳኑን ክፈቱ። አየር ሲስብ ድምፅ ከሰማችሁና መኪናው ወዲያው ከተነሳ፣ ጥፋተኛውን አገኛችሁት። ወጪውም ከሁሉ ያነሰ ነው።

ቴርሞስታት መንቀል፣ ውሃ መድፋት

ሞተሩ ከልክ በላይ ካልሞቀ ቴርሞስታት (የማቀዝቀዣ ውሃውን ዝውውር እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ) መንቀል ምንም አይፈይድም፤ ሞተሩን ሁሌ ቀዝቃዛ ያደርገዋል። ቤንዚን ቱቦ ውስጥ መፍላቱ ግን እውነት ነው። ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል በትንሽ ሙቀት ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ እንኳ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። ከአባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮን በቀትር ለሚወጣ አሮጌ ፒካፕ ይህ ቀላል አይደለም። 22 አር ላይ የቤንዚን ፓምፑ የሞተሩ ራስ ላይ ስለተገጠመ አብሮ ይግላል።

ያም ሆኖ በጋለ ሞተር ላይ ጀሪካን ውሃ አትገልብጡ፤ ብረት ይሰነጠቃል። የራዲያተር ክዳንም በትኩሱ አይከፈትም። እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ ብቻ አድርጉና ሞክሩ። ካልተነሳ ኮይሉን በደረቅ ጨርቅ አራግቡለት። ሁለቱን ባንዴ ካቀዘቀዛችሁ የትኛው እንደነበር አታውቁም።

ናፍጣን እንደ ቤንዚን ማየት

ናፍጣ ላይ ብልጭታ አትፈልጉ። የፊልትሮውን የእጅ ፓምፕ ጫን ጫን አድርጉ፤ ካልጠነከረ አየር እየገባ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ዋናው ፓምፕ ላይ ያለችውን መዝጊያ ሶሌኖይድ እዩ። ሁለቱም ደህና ሆነው ሞተሩ በትኩሱ አልነሳ ካለ፣ ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ሲደረግ ግን ከተነሳ፣ ፓምፑ ውስጡ አልቋል። የሞቀ ናፍጣ ስለሚቀጥን በተበላው በኩል ያመልጣል። ያኔ ፊልትሮ መቀያየሩን ትታችሁ ፓምፑን አስፈትታችሁ ማሽን ላይ አስለኩት።