ከኦፔራ ሊቅ ድምፅ ማጉላትና ማለዘብ ስንማር የምንሠራቸው ስህተቶች

የመጀመሪያው ቀን መምህሬ አንዲት ኖታ ብቻ ሰጡኝ። «በጣም ለስለስ አድርገህ ጀምራት። ቀስ በቀስ አሳድጋት። ከዚያ መልሰህ አለዝባት። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ» አሉኝ። ቀላል መሰለኝ። ስጀምር ከድምፅ ይልቅ አየር ወጣ። መሃል ላይ ስደርስ ጮህኩ። ወደ ኋላ ስመለስ ድምፄ ተሰነጠቀና ቆመ። መምህሬ ዕድሜያቸውን በኦፔራ መድረክ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ሰምተዋል። አልሳቁብኝም። «ጥሩ ነው፤ የሚቀጥለውን ዓመት ሥራችንን በአሥር ሰከንድ አሳየኸኝ» ነው ያሉት።

ልምምዱ በጣሊያንኛ «ሜሳ ዲ ቮቼ» ይባላል። የቆየ ነገር ነው። ጣሊያናዊው ዘፋኝና የሙዚቃ ደራሲ ጁሊዮ ካቺኒ ድምፅን ስለማሳደግና ስለማሳነስ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1602 ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ጣሊያናዊው ዘፋኝ ፋሪኔሊ በዚህ ጥበብ ስሙ ገንኖ ነበር። እኔ በዚያች አንዲት ኖታ ላይ የሠራኋቸውን ስህተቶች ከዚያ በኋላ በሌሎች ተማሪዎችም ላይ አይቻቸዋለሁ። አንድ በአንድ እንያቸው።

«ለስላሳ» ማለት «ደካማ» ይመስለናል

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የቀሩት አብዛኞቹ ከዚሁ ይወለዳሉ።

ኖታው ላይ «ፒያኖ» የሚል ምልክት ስናይ፣ ማለትም «ለስለስ አድርግ» ሲለን፣ ሰውነታችንን ሙሉ በሙሉ እንለቀዋለን። ደረታችን ይወርዳል፣ ትንፋሹ ይፈሳል፣ ድምፁ ሹክሹክታ ይሆናል። እዚያው ክፍል ውስጥ ሲሰሙት ደስ ይላል። አሥረኛው ረድፍ ላይ ግን ምንም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድምፅ የሚፈጠረው ከሳንባ የሚመጣው አየር ጉሮሮ ውስጥ ያሉትን የድምፅ አውታሮች ሲያርገበግብ ነው። አውታሮቹ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ሲዘጉ በደንብ ከገጠሙ ድምፁ ጥርት ይላል። ሳይገጥሙ ከቀሩ አየር በመሃላቸው ያመልጣል፣ እኛም ያንን «ሻሻታ» እንሰማለን። ለስላሳ ድምፅ ላይ ከአውታሮቹ በታች ያለው የአየር ግፊት ያንሳል እንጂ የአውታሮቹ መግጠም መቅረት የለበትም። ግፊቱን ቀንሶ መግጠሙን ማቆየት ነው ከባዱ።

መምህሬ ይህን በቃል አላስረዱኝም። እጄን ወስደው ከጎድናቸው ላይ፣ ከታችኛዎቹ አጥንቶች ጎን አስቀመጡት። ከዚያ ጠንከር አድርገው ጀመሩና ድምፁን እያለዘቡ፣ እያለዘቡ፣ እንደ ክር አቀጠኑት። እኔ ጎድናቸው ሲወርድ እየጠበቅኩ ነበር። አልወረደም። ድምፁ ሊጠፋ ሲል እንኳ ጎድናቸው እንደተከፈተ ነው። «አየህ?» አሉኝ፤ «ድምፁ ቀነሰ እንጂ ሥራው አልቀነሰም።» ጣሊያኖች ይህን «አፖጆ» ይሉታል፤ መደገፍ እንደማለት ነው። የጎድን አጥንቶች ተከፍተው ይቆያሉ፣ ትንፋሹም ሲፈለግ ብቻ፣ በልኩ ይወጣል።

ማስረጃ ለሚፈልግ የሞንሴራት ካባየን ቅጂዎች ያዳምጥ። እ.ኤ.አ. በ2018 ያረፈችው ስፔናዊት ሶፕራኖ (ከፍተኛው የሴት ድምፅ ያላት ዘፋኝ) በለስላሳ ከፍተኛ ኖታዎቿ ነው የምትታወቀው። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ግን ባዶ አይደለም። ልዩነቱን አንዴ ከሰማችሁት በኋላ የራሳችሁን ሹክሹክታ መታገሥ ያቅታችኋል።

(በነገራችን ላይ ፒያኖ የሚባለው መሣሪያም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ሙሉ ስሙ ፒያኖፎርቴ ነው፦ ለስላሳና ጠንካራ።)

ጉሮሮን አንቆ ማጉላት

ሁለተኛው ስህተት የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። «ፎርቴ» ሲባል አገጭ ወደ ፊት ይወጣል፣ የአንገት ሥር ይገተራል፣ ፊት ይቀላል። ለዘፋኙ ድምፁ ትልቅ ይመስለዋል፤ ምክንያቱም ድካሙ ትልቅ ነው። አድማጩ ግን ድካም አይሰማም። የሚሰማው የታነቀ ድምፅ ነው።

እዚህ ላይ ሳይንሱ ያግዘናል። የኦፔራ ዘፋኝ ማይክሮፎን ሳይዝ ኦርኬስትራን አልፎ ይሰማል። እንዴት? ስዊድናዊው ተመራማሪ ዮሃን ሱንድበርግ እንዳሳየው የኦርኬስትራ ድምፅ ኃይል በብዛት የሚከማቸው 500 ኸርዝ (በሰከንድ 500 ንዝረት) አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ እየቀነሰ ይሄዳል። የሠለጠነ የወንድ ኦፔራ ድምፅ ደግሞ 3,000 ኸርዝ አካባቢ ከፍ ያለ ጉብታ አለው። ኦርኬስትራው እዚያ ቦታ ላይ ደካማ ነው፤ የሰው ጆሮ ደግሞ እዚያው አካባቢ ንቁ ነው። ስለዚህ ዘፋኙ ሰማንያ ሙዚቀኛን በጉልበት አያሸንፍም። ክፍተቱን ፈልጎ በዚያ ያልፋል።

ይህ ጉብታ የሚመጣው ከጉሮሮው ቅርጽ ነው። ማንቁርት ዝቅ ብሎ ሲረጋና ከበላዩ ያለው ቦታ ሰፋ ሲል ይገኛል። ስናንቅ ማንቁርታችን ወደ ላይ ይወጣል፣ ቦታው ይጠባል። ለማጉላት ብለን ያንን የሚያጎላልንን ነገር በገዛ እጃችን እናጠፋዋለን ማለት ነው። ከፍ ባለ ኖታ ላይ ያለች ሶፕራኖ ግን መንገዷ ሌላ ነው። ኖታው ሲወጣ አፏን ሰፋ አድርጋ በመክፈት ነው ድምፁን የምታጎላው። ቴነር (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ ያለው ዘፋኝ) የሆነ ጓደኛችሁ የሠራለትን ዘዴ ለሶፕራኖ ጓደኛችሁ አትምከሩ።

መፈተሻው መስታወት ነው። ጠንከር ያለውን ክፍል እየዘፈናችሁ ጭንቅላታችሁን በቀስታ ግራና ቀኝ አንቀሳቅሱ። አልንቀሳቀስ ካለ አንገታችሁ ተቆልፏል።

«ክሬሸንዶ» የሚለውን እንዳዩ መጮህ

«ክሬሸንዶ» በጣሊያንኛ «እያደገ» ማለት ነው። «አድጎ» አይደለም። ምልክቱ የተጻፈበት ቦታ ማደግ የሚጀመርበት ነው፤ ስለዚህ እዚያ ላይ ድምፁ ገና ትንሽ መሆን አለበት። አብዛኞቻችን ግን ምልክቱን ስናይ በመጀመሪያው ምት ላይ ያለንን ሁሉ እናፈሳለን። ከዚያ በኋላ የሚያድግበት ቦታ የለም።

የመምህሬ መድኃኒት ቁጥር ነው። ኖታዋን ለስምንት ምት ይዘህ በእያንዳንዱ ምት አንድ ደረጃ ብቻ ውጣ ይሉኛል፤ ከዚያ ደረጃዎቹን በጣቴ ያስቆጥሩኛል። ሦስተኛው ጣት ላይ ስድስተኛ ደረጃ ከደረስኩ ያስቆሙኛል። ሲያስቆሙኝ ያናድዳል። ግን ይሠራል። መመለሻውም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም የባሰ ነው። ማሳደጉን በሳምንታት ለመድኩት። ማለዘቡ ላይ እስካሁን አንዳንዴ ከስድስት ወደ ሁለት እወድቃለሁ።

ድምፁ ሲለወጥ ኖታውም አብሮ መሄዱን አለማየት

አጭር ናት፤ ግን ብዙ ሰው ሳያስተውላት ያልፋል። የአየር ግፊቱ ሲጨምር ኖታው በትንሹ ወደ ላይ መሳብ ይወዳል። ሲቀንስ ደግሞ ወደ ታች ይንሸራተታል። ስታሳድጉ ትንሽ ትወጣላችሁ፣ ስታለዝቡ ትንሽ ትወርዳላችሁ። ስልክ ላይ የሚጫን የመቃኛ አፕ ከፍታችሁ አንዲት ኖታ ላይ ሞክሩት። መርፌዋ ታጋልጣችኋለች።

በስልክ ቀድቶ በዚያው መፍረድ

ስልክን ካነሳን አይቀር፣ ይህኛው የእኔው ጉድ ነው። ወር ሙሉ ሜሳ ዲ ቮቼ ስለማመድ በስልኬ እየቀዳሁ አዳምጥ ነበር። ቅጂው ላይ ለስላሳውም ጠንካራውም ያው ነው። ምንም አልተሻሻልኩም ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ቅጂውን ለመምህሬ ሳሰማቸው ስልኩን ከእጄ ወስደው ገለበጡት፤ መልሰው ሰጡኝና «ይህ ዕቃ የተሠራው ለወሬ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ብዙ የስልክ መቅጃዎች ዝቅ ያለውን ድምፅ በራሳቸው ከፍ ያደርጋሉ፤ ከፍ ያለውን ደግሞ ያወርዳሉ። ለንግግር ጥሩ ነው። እኛ ለወር የለፋንበትን ልዩነት ግን እንደ ብረት ምጣድ አስተካክሎ ይደፈጥጠዋል። ከተቻለ ይህን የሚያደርገውን ቅንብር የሚያጠፋ መቅጃ ተጠቀሙ፤ ጥቂት ሜትሮች ርቃችሁም አስቀምጡት። ካልሆነ ጆሮ ያለው ሰው ከክፍሉ ጥግ አስቀምጡ።

የራሳችሁ ጆሮም ሙሉ ዳኛ አይደለም። የገዛ ድምፃችንን በከፊል በአጥንታችን በኩል ነው የምንሰማው። በዚያ ላይ ዙሪያችን ጫጫታ ሲሆን ሳናስበው ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን። ይህን ባሕርይ ፈረንሳዊው ሐኪም ኤትየን ሎምባርድ እ.ኤ.አ. በ1911 ነው የገለጸው። አጃቢው ፒያኒስት ጠንከር አድርጎ ሲመታ ድምፃችሁ አብሮት ከወጣ ፎርቴ መርጣችሁ አይደለም፤ ተጎትታችሁ ነው።

የመምህሩን ድምፅ መኮረጅ

ሊቅ ዘንድ የሚማር ሰው ትልቁ ፈተና ይሄ ይመስለኛል። ቆማችሁ ታዳምጣላችሁ፣ ትደነቃላችሁ፣ ቤት ስትደርሱ ያንን ድምፅ ለማውጣት ትሞክራላችሁ። የእሳቸው ፎርቴ ግን በአሥርታት ልምምድ የተገነባ ነው፤ በሌላ ጉሮሮ ውስጥ ነው፤ ምናልባትም ከናንተ በከበደ የድምፅ ዓይነት ነው። ስትኮርጁት የምታገኙት የጠቆረ፣ የተዋጠ ድምፅ ነው። ፒያኖና ፎርቴ የተቆረጠ መጠን የላቸውም፤ ሁለቱም የሚለኩት በራሳችሁ ድምፅ ነው። ዛሬ ያላችሁ ከለስላሳ እስከ ጠንካራ ያለው ርቀት ጠባብ ከሆነ ጠባቡን በደንብ ሥሩበት። እየቆየ ይሰፋል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። የድሮ የመድረክ ሰዎች በምስል ነው የሚያስተምሩት። «ድምፁን ወደ ግንባርህ ላከው»፣ «ትንፋሹን ጠጣው» ይላሉ። ድምፅ ወደ ግንባር አይሄድም፤ ግንባር ላይ የሚሰማን ንዝረቱ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ተማሪ «ይሄማ ሳይንስ አይደለም» ብሎ ይንቀዋል። ሌላው ቃል በቃል ይወስደውና ፊቱን ያጨማድዳል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ምስሉ የሚናገረው መምህሩ ሲዘፍኑ የሚሰማቸውን ስሜት ነው። ሞክሩት፣ ድምፁ ከተሻለ ያዙት፣ ካልተሻለ «ሌላ ምሳሌ ይስጡኝ» በሉ። ጥሩ መምህር በዚህ አይቀየምም።

ከከፍተኛው ኖታ መጀመር

ሁላችንም የምናልመው ያቺን ከፍ ያለች፣ እየቀጠነች የምትጠፋ ኖታ ነው። ግን ልምምዱ የሚጀመረው ከመሃል ነው፤ እንደ ንግግር ከሚቀልላችሁ ቦታ። ድምፅ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው የሚሻገርበት ቦታ የመጨረሻው ላይ ይቆይ። ጊዜውም አጭር ይሁን። እኔ ከአሥር ደቂቃ በላይ አልሠራውም። ጉሮሮ ከቆረቆረ ወይም ድምፅ ከሻከረ የዕለቱ ትምህርት አልቋል። መሻከሩ ከ3 ሳምንት በላይ ከዘለቀ ደግሞ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው እንጂ በማርና በዝንጅብል አታባብሉት።

ቃሉን መርሳት

የጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ የቬርዲ ኦፔራ «አይዳ» እ.ኤ.አ. በ1871 ካይሮ ላይ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው። መጀመሪያው ላይ ቴነሩ ስለሚያፈቅራት ሴት ብቻውን ይዘፍናል። የመጨረሻዋ ከፍተኛ ኖታ ላይ ቬርዲ የጻፈው በጣም ለስላሳ፣ እየሞተ እንዲሄድ ነው። ብዙ ቴነሮች ግን በሙሉ ጉልበታቸው ይለቁታል። አንደኛ ያስቸግራል። ሁለተኛ ጭብጨባ ያመጣል። እኔ ግን ሰውየው ሕልም እያለመ እንደሆነ ሳስብ ጩኸቱ አይዋጥልኝም።

ለዚህ ነው መምህሬ ማንኛውንም ምልክት ከመዝፈኔ በፊት «ለምን እዚህ ላይ ለዘበ?» ብለው የሚጠይቁኝ። መልስ ከሌለኝ አልዘፍንም። መልስ ካለኝ ደግሞ ቃሉ መሰማት አለበት፤ ድምፅ ሲለዝብ ቀድመው የሚጠፉት ተነባቢዎቹ ናቸውና። ስለዚህ ፒያኖ ላይ አናባቢውን አለዝቦ ተነባቢውን ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ይህን የምንለማመደው አዳራሽ ውስጥ ነው። እሳቸው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንድ ቃል ካልተሰማቸው እጃቸውን ያነሳሉ። ባለፈው ሳምንት አራት ጊዜ ተነሳ። አራቱም ጊዜ የጠፋው የቃሉ የመጨረሻ ፊደል ነበር።