የጉድጓድ ውሃ ናይትሬት ትንበያችሁ ሲቃዥ፦ ሞዴሉን ሳትነኩ ወረቀቱን እዩ

ይህን የምጽፈው አንድ ዓይነት ጥያቄ ስመልስ ስለሰለቸኝ ነው። "ሞዴሉ ላፕቶፕ ላይ አንደኛ ነው፣ ግቢ ገብተን ስንለካ ግን ሌላ ታሪክ ነው" የሚል። ሞዴል የምለው ከተለኩ ጉድጓዶች ተምሮ ያልተለካው ጉድጓድ ናይትሬቱ ስንት እንደሆነ የሚገምት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ወረቀት የምለው ደግሞ የላብራቶሪውን ውጤትና መዝገቡን ነው። ናሙና እንዴት እንደሚቀዳ፣ ፓምፑ ቀድሞ ደህና አድርጎ መሳብ እንዳለበት፣ ሠንጠረዥ ላይ ባዶ የቀረ ሴል እንዴት እንደሚያዝ አልናገርም። እዚህ የደረሰ ሰው ያውቀዋል።

የማወራው ስለ መሃል አዲስ አበባ ነው። ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ፣ ተክለሃይማኖት፣ ልደታ። እዚህ ናይትሬቱ የሚመጣው ከሽንት ቤት ጉድጓድ፣ ከሚያፈስ ሴፕቲክ ታንክና ከተሰነጠቀ የፍሳሽ ቱቦ ነው። እዚያ ያለው አሞኒያ አፈር ውስጥ ኦክስጅን ሲያገኝ ባክቴሪያ ወደ ናይትሬት ይቀይረዋል። ናይትሬትን ደግሞ አፈር አይዘውም፤ ከክረምቱ ዝናብ ጋር ቁልቁል ይወርዳል፣ ከሥር የተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲያገኝማ መንገዱ አስፋልት ሆነለት ማለት ነው። ስለዚህ የውጭ አገር የእርሻ ሞዴል ገልብጣችሁ "የማዳበሪያ መጠን" የሚል ዓምድ ያስገባችሁ ሰዎች፣ እሱን መጀመሪያ አውጡልኝ። ካዛንቺስ ላይ ማን ነው ጤፍ የሚዘራው?

ምልክት፦ ትንበያውና ልኬቱ በአራት እጥፍ ገደማ ይለያያሉ፣ ወይም ካርታው ላይ አንዱ ሰፈር ያለ ምክንያት ንጹህ ነው

ከአሥር ጥሪ ሰባቱ ይሄ ነው። አልጎሪዝም አትቀይሩ። ራንደም ፎረስቱን (መተንበያ አልጎሪዝሙን) አትውቀሱት። ምክንያቱ አሃዱ ነው።

ናይትሬት በሁለት መንገድ ይጻፋል። አንዱ ሙሉው ናይትሬት ነው። ሌላው በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ብቻ የተመዘነበት ነው። ሁለቱም "ሚሊግራም በሊትር" ይላሉ። ልዩነቱ ወረቀቱ ላይ ከናይትሬት ምልክቱ ከ"ኤንኦ3" ኋላ የምትንጠለጠል አንዲት "ኤን" ናት። በናይትሮጅን የተጻፈውን ወደ ሙሉ ናይትሬት ለመውሰድ በ4.43 ታባዛላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ መመሪያ 50 ነው የሚለው፣ በሙሉ ናይትሬት። በናይትሮጅን ሲሆን 11.3 ነው። አሜሪካኖቹ 10 ይላሉ፣ የነሱ በናይትሮጅን ነው። እንግዲህ ወረቀቱን የጻፈው ልጅ ያቺን ጭራ ረስቶ ሲቀር ምን እንደሚሆን አስቡት።

የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ባለ እንግዳ ማረፊያ ጋሼ ግቢያቸው ውስጥ ጉድጓድ አላቸው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶውን የሚሞሉት ከሱ ነው። አስመረመሩ፣ 14 የሚል ወረቀት መጣ። "ልጄ፣ ገደቡ 50 ነው፣ እኔ 14 ነኝ" ብለው ወረቀቱን በላስቲክ አሸጉትና ቢሮ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ሠራተኞቹም ይጠጡታል። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ቦታ ሲመረመር 61 መጣ። ጋሼ ደም ፍላታቸው መጣ። በሁለት ወር አራት እጥፍ! ጥፋተኛው ወዲያው ተገኘ፦ የጎረቤት ሽንት ቤት። ጎረቤቷ እትዬ፣ ምስኪን፣ ከጠብ ይሻላል ብለው ማስመጠጫ መኪና ጠርተው ከኪሳቸው ከፍለው አስመጠጡ። እኔ የተጠራሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የመጀመሪያውን ወረቀት ከግድግዳ አውርጄ አየሁት። ጭራ የለውም። ላብራቶሪው ደወልኩ፣ "እኛ ሁሌ በናይትሮጅን ነው የምንሰጠው" አሉኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። 14 በ4.43 ሲባዛ 62 ነው። ውሃው ከመጀመሪያውም ያው ነበር። ጋሼ ይቅርታ ለመጠየቅ ሌላ ሁለት ወር ፈጀባቸው።

አሁን ይሄን ወረቀት ከሌሎች መቶ ወረቀቶች ጋር ቀላቅላችሁ ሞዴል አሰልጥኑበት። አንድ የማስተርስ ተማሪ ይዞልኝ የመጣው እሱን ነው። መረጃው ከሦስት ቦታ የተለቀመ። ካርታው ሲወጣ ተክለሃይማኖትና መርካቶ አረንጓዴ፣ ቤቶቹ አዲስና ግቢያቸው ሰፊ የሆነው ሰፈር ደግሞ ቀይ። ልጁ ተጨንቆ ለዚህ የሚሆን የጂኦሎጂ ማብራሪያ ሁለት ገጽ ጽፏል! ስንት ዘመን ሙሉ ሽንት ቤት በሽንት ቤት ላይ የተቆፈረበት ሰፈር እንዴት ንጹህ ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ አማካሪ አልነበረውም መሰለኝ። የዚያ ሰፈር ናሙናዎች በሙሉ አንድ ላብራቶሪ የሄዱ ነበሩ፣ በናይትሮጅን የሚጽፈው ጋ። ሞዴሉ የተማረው የውሃውን ነገር አይደለም፣ ማን እንደመረመረው ነው።

ተቃራኒውም አለ። አንዱ ያባዛል፣ ፋይሉን ለጓደኛው ይልካል፣ ጓደኛውም "ኧረ ይሄ ሳይባዛ ቀርቷል" ብሎ ደግሞ ያባዛል። 62 የነበረው 275 ይሆናል። ከዚያ "ልዩ የብክለት ማዕከል አገኘን" ይባላል። ሌላው ደግሞ ቁጥሩን በሙሉ ናይትሬት ይዞ የአሜሪካኖቹን 10 እንደ ገደብ ይወስዳል፣ ከተማው በሙሉ ቀይ ይሆንበታል።

እንዴት ትይዙታላችሁ? ናይትሬቱን ከክሎራይድ (ከጨው ከሚመጣው) ጋር በሎጋሪዝም ሚዛን ግራፍ ላይ አስቀምጡት። የሰው ፍሳሽ ሁለቱንም ይዞ ስለሚመጣ አብረው መውጣት አለባቸው። አንድ የተበታተነ ደመና ካያችሁ ደህና ነው። ሁለት ጎን ለጎን የሚሄዱ ደመናዎች ካያችሁና ርቀታቸው አራት እጥፍ ግድም ከሆነ፣ በቃ፣ ተይዟል። ነጥቦቹን በላብራቶሪ ስም ቀለም ቀቧቸው፣ ወዲያው ይለያል።

ሌላው የአዮን ሚዛን ነው፤ ውሃው ውስጥ የሟሙት ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቻርጆች እኩል መሆን አለባቸው ማለት ነው። ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየም በአንድ ወገን፣ ባይካርቦኔት፣ ክሎራይድ፣ ሰልፌትና ናይትሬት በሌላ ወገን፣ ሁሉም በሚሊኢኩቫለንት፣ ማለትም በክብደት ሳይሆን በቻርጅ ተቆጥሮ። ሁለቱ ወገኖች መቀራረብ አለባቸው። 62 የሆነውን ናይትሬት 14 ብላችሁ ካስገባችሁ 0.77 ሚሊኢኩቫለንት ጠፋባችሁ ማለት ነው። በየወገኑ 7 ገደማ ባለው ውሃ ላይ ስህተቱ ከ5 በመቶ ያልፋል። በ4.43 አባዝታችሁ ስታስገቡ ሚዛኑ ከተስተካከለ መልሱን አገኛችሁት። ናይትሬቱ ትንሽ ከሆነ ግን ይሄ ዘዴ አይሠራም፣ ልዩነቱ ይዋጣል።

ጥገናው፦ ላብራቶሪው ደውሉ። በሰው አፍ ጠይቁ። ከዚያ ዋናውን ቁጥር ሳትነኩ አሃድ የሚል ዓምድ፣ ላብራቶሪ የሚል ዓምድ ጨምሩ፣ የተባዛውን አዲስ ዓምድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አስሉ። ማወቅ ያልተቻለውን ረድፍ ሰርዙት። በግምት አታባዙ! በእጅ የሚያዝ መለኪያ የምትጠቀሙም መሣሪያው በየትኛው መልክ እንደሚያሳይ ማስተካከያውን ከፍታችሁ እዩ፤ አንዳንዱ በሁለቱም ያሳያል፣ ባትሪ ሲቀየር ወደ ድሮው የሚመለስም ገጥሞኛል።

ምልክት፦ ክረምትና በጋ ለሞዴሉ አንድ ናቸው

ቀኑን እዩ። መዝገቡ ላይ 15/12/2012 ይላል። ዘበኛው የጻፈው በኛ አቆጣጠር ነው፣ ነሐሴ 15። ኮምፒውተሩ ያነበበው ዲሴምበር 15 ነው። ዝናብ የሚዘንብበት ወር የበጋ ወር ሆነ፣ ዓመቱም ወደ ስምንት ዓመት ግድም ወደ ኋላ ሄደ። ግማሹ መዝገብ በኛ፣ ግማሹ በፈረንጅ ሲሆን ወቅት የሚባለው ዓምድ ሾርባ ይሆናል። ጳጉሜ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ይጮሃል ብላችሁ አትተማመኑ። ኤክሴል 3/13/2012ን "ማርች 13" ብሎ ፀጥ አድርጎ ሲውጠው አይቻለሁ። ወሩን በስሙ አስጽፉ። "ነሐሴ" ብሎ የተጻፈን ማንም አያሳስትም።

ምልክት፦ ላፕቶፕ ላይ ጎበዝ፣ አዲስ ግቢ ላይ ደንባራ

መረጃውን ሞዴሉ የሚማርበት ማሰልጠኛና የሚፈተንበት መፈተኛ ብላችሁ በዘፈቀደ ከፋፍላችሁታል። አንድ ጉድጓድ በበጋና በክረምት ተለክቶ አንዱ ማሰልጠኛ ውስጥ፣ አንዱ መፈተኛ ውስጥ ገብቷል። ጎረቤት ግቢዎችም እንደዚያው። ይሄ ፈተና አይደለም፣ ኩረጃ ነው። በሰፈር ከፋፍሉት፤ ካዛንቺስን በሙሉ ደብቃችሁ በሌላው አሰልጥኑና ካዛንቺስ ላይ ፈትኑት። ውጤታችሁ ይወርዳል። ይውረድ። የወረደው ነው እውነተኛው። ደግሞ ቁጥሩን ራሱን ከመተንበይ "ከ50 ያልፋል ወይስ አያልፍም" የሚለውን ዕድል መተንበይ ይሻላል፣ ባለጉድጓዱም የሚገባው እሱ ነው።

እግረ መንገዴን፦ የሕዝብ ጥግግት ብላችሁ የምታስገቡት ቁጥር መነሻው የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ መሆኑን አትርሱ። ከዚያ ወዲህ ሌላ አልተቆጠረም። በ2016 ፒያሳ ላይ ብዙ ቤት ፈርሶ ነዋሪው ተነስቷል፣ ከሥር ያለው ናይትሬት ግን አብሮ አልተነሳም። የዛሬውን ሕዝብ ሳይሆን የኖረበትን ዘመን የሚያሳይ ነገር ፈልጉ፣ ለምሳሌ ሰፈሩ ስንት ዓመቱ ነው የሚለውን።

ምልክት፦ ትንበያው ከፍተኛ፣ ልኬቱ ዜሮ

ደስ እንዳይላችሁ። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ላብራቶሪው "መለካት ከሚቻለው በታች" ያለውን አንድ ሰው ዜሮ ብሎ ሞልቶታል። ሁለተኛው ይብሳል፦ ውሃው ኦክስጅን አልቆበታል። ኦክስጅን ሲያልቅ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ራሱን ይተነፍሱታል፣ ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ይወጣል። አሞኒያው ግን ሳይቀየር ይቀራል። ውሃው የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ ወይም ሮቶው ውስጥ ቡናማ ዝቃጭ ከተኛ አሞኒያና ብረት አስለኩ። ናይትሬት ዜሮ ስለሆነ ንጹህ ነው ብሎ ወረቀት የሚሰጥን ሰው ሁለተኛ አትጥሩት። የሟሟ ኦክስጅን ዓምድ ሞዴሉ ውስጥ ይግባ፣ ከስንት የሳተላይት ምስል ይበልጣል።

ምልክት፦ ጥልቅ ጉድጓድ ላይ ይስታል

"መቶ ሜትር ነው የተቆፈረ፣ ምን ይነካዋል" ይላሉ። ከኬዚንጉ (ጉድጓዱ ውስጥ ከሚገባው መከላከያ ቱቦ) ውጪ ያለው ክፍተት ላይ ሲሚንቶ በደንብ ካልገባ ጉድጓዱ ራሱ ከላይ ወደ ታች የተዘረጋ ቱቦ ነው። የላይኛው ፍሳሽ በኬዚንጉ ጀርባ ይንቆረቆራል። ቆፋሪው ጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ ቆጥቦ ሄዷል፣ ሞዴሉ ጥልቀቱን አይቶ "ንጹህ" ብሏል። መፍትሄው ጠቅላላ ጥልቀት ሳይሆን የተበሳው ኬዚንግ ከስንት ሜትር እንደሚጀምር ማስገባት ነው። ይሄ መረጃ ከሌለ ክሎራይድና የውሃው የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት በክረምት ይዘል እንደሆነ እዩ። ከዘለለ ከላይ እየገባ ነው።

ትንንሾቹን ልጨርስ።

ጉድጓዱ ካርታው ላይ ወንዝ ተሻግሮ ከተቀመጠ አንዱ ነጥብ በድሮው የካርታ መነሻ በአዲንዳን፣ ሌላው በጂፒኤሱ መነሻ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ልዩነቱ 200 ሜትር ገደማ ነው።

ፍልውሃ አካባቢ ከጥልቀት የሚመጣ ሙቅ ውሃ አለ። የውሃ ሙቀት ዓምድ ከሌላችሁ ሞዴሉ ግራ ይጋባል።

ጊዜው ያለፈበት ስትሪፕ (ናይትሬት መለኪያ ወረቀት)፦ ጣሉት። "ትንሽ ነው ያለፈው" አትበሉኝ።

ናሙና በለስላሳ ጠርሙስና በሃይላንድ ቀድቶ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ሦስት ቀን ያስቀመጠ ሰው ውጤቱን ይዞ እኔ ጋ አይምጣ። በበረዶ ይያዝ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ይመርመር።

ትንበያው ከ50 በላይ ያለው ግቢ ውስጥ ሕፃን ካለ ደግሞ ሞዴሉን አሻሽላችሁ እስክትጨርሱ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ተናገሩ። በተለይ ከስድስት ወር በታች ሆኖ በውሃ የሚበጠበጥ የዱቄት ወተት የሚጠጣ ከሆነ። ናይትሬት ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፣ ከንፈሩና ጥፍሩ ሰማያዊ ይሆናል። እናቶች መጀመሪያ የሚሉት "አፍልቼ ነው የምሰጠው" ነው። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬት አያጠፋም፤ ውሃው ሲተን ይባስ ይጠነክራል። ክሎሪንም አይነካውም፣ የከሰልና የሸክላ ማጣሪያም እንደዚሁ። የሚያወጣው ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃውን በስስ ሽፋን ገፍቶ የሚያጣራው) ወይም አዮን የሚለውጥ ማጣሪያ ነው። እሱ እስኪመጣ የሕፃኑ ወተት ናይትሬቱ ትንሽ መሆኑ በተረጋገጠ ሌላ ውሃ ይበጥበጥ፣ ጉድጓዱ ልብስ ይጠብበት።