ከኮምቦልቻ እስከ ሐይቅ በብስክሌት፦ ዳገትና ቁልቁለት የሚያወጧቸው ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከኮምቦልቻ ተነስቶ በሀረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ የሚወጣ፣ ከዚያም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጉዞ ወደ ሐይቅ ዳርቻ የሚወርድ ብስክሌተኛ በአንድ ጉዞ ውስጥ ረጅም ዳገትም ረጅም ቁልቁለትም ይገጥመዋል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፤ በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ መስመር የሚያጋጥሙ ብልሽቶች የሚታዩት ተዳፋቱ ላይ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከጉዞው በፊት፣ ሻንጣ ሲታሰርና ብስክሌቱ ሳይፈተሽ ሲቀር ነው። ስለዚህ ምልክቱን ካዩ በኋላ የተበላሸውን ዕቃ ከመቀየር በፊት ለምን እንደተበላሸ መጠየቅ ይገባል፤ መንስኤው ካልተነካ አዲሱም ዕቃ በሚቀጥለው ቁልቁለት ላይ ያንኑ ችግር ያሳያልና።

ምልክት፦ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እየላላ ይሄዳል፣ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፣ ወይም ጎማው በድንገት ይፈነዳል

ከሁሉም አደገኛው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጎ መመልከት ተገቢ ነው። ነጂው፣ ብስክሌቱና ሻንጣው በድምሩ 100 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ባለው 650 ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት የሚለቀቀው ጉልበት ወደ 640 ኪሎ ጁል ይደርሳል፤ ይህም ሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ነፋሱ ይወስደዋል፤ የቀረው በሙሉ የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ሙቀቱ ከቸርኬው ወደ ውስጠኛው ጎማ ይሻገርና በውስጡ ያለውን የአየር ግፊት ከፍ ያደርገዋል፤ የተለጠፈ ቀዳዳ ካለም ማስቲሹን ያላላዋል። ጎማው ብዙ ጊዜ የሚፈነዳው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ከመንገዱ ጉድጓድ የተነሳ አይደለም።

ሙቀቱን የሚያበዛው ዋናው ነገር የአያያዝ ልማድ ነው። ብዙ ሰው የፊት ፍሬን ይገለብጠኛል ብሎ ስለሚፈራ የኋላውን ብቻ፣ ያውም ሳይለቅ፣ ከላይ እስከ ታች እየጎተተ ይወርዳል። ይሁንና ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል አብዛኛውን የማቆም ሥራ መሥራት የሚችለው የፊት ፍሬን ነው። ትክክለኛው መንገድ በቀጥታው ላይ ቀና ብሎ ተቀምጦ ነፋሱ በደረት እንዲያርፍ ማድረግ፣ ከመታጠፊያው በፊት ሁለቱንም ፍሬኖች ለአጭር ጊዜ ጠንከር አድርጎ መያዝና ፍጥነቱ ሲቀንስ ለቆ መታጠፍ ነው። በተለቀቀባቸው ጥቂት ሰከንዶች ቸርኬው ይቀዘቅዛል።

ሽታው ከመጣ ቆሞ ማሳረፍ ግዴታ ነው። የሚቆመው ግን በመታጠፊያው ውስጥ ሳይሆን ከሩቅ በሚታይ ሰፊ ቦታ ላይ ነው፤ ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና በጠባብ መታጠፊያ ሲዞር የኋላ ጎማዎቹ የመንገዱን ጠርዝ ይጠጋሉ። የጋለውን ቸርኬ ወይም ዲስክ በእጅ አይንኩ፤ ውሃም አያፍስሱበት፣ ዲስኩ ሊጣመም ይችላልና። ከቀዘቀዘ በኋላ የፍሬኑን ጎማ ይመልከቱ። ፊቱ እንደ መስታወት ካንጸባረቀ በብርጭቆ ወረቀት ማሻከር ይበቃል፤ በላዩ ያሉት መስመሮች ጠፍተው ከሆነ ግን አልቋልና መቀየር አለበት። በእጅ የሚጨበጠው የፍሬን መያዣ ወደ መሪው ተጠግቶ ከቆመና የፍሬኑ ጎማ ገና ወፍራም ከሆነ ችግሩ የላላ ገመድ ነው፤ መያዣው ሥር ያለውን ማስተካከያ በእጅ በማዞር ይጠብቃል። በዘይት የሚሠራ ዲስክ ፍሬን መያዣው ያለ ተቃውሞ እስከ መሪው ከገባ ደግሞ ዘይቱ ፈልቷል ወይም አየር ገብቶበታል፤ ይህ መንገድ ዳር የሚጠገን ስላልሆነ ብስክሌቱን ገፍቶ ወይም መኪና ላይ ጭኖ መውረድ ይሻላል።

ምልክት፦ ዳገት ላይ ካቴናው ይዘላል ወይም ይወልቃል

እነዚህ ሁለቱ ተመሳሳይ ቢመስሉም መንስኤያቸው የተለያየ ነው። ፔዳሉ በኃይል ሲረገጥ «ቀጭ» ብሎ የሚዘል ካቴና ያረጀ ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ የአዲስ ካቴና 24 ተከታታይ መገጣጠሚያዎች በማስመሪያ ሲለኩ 305 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናሉ፤ ወደ 307 ከተጠጉ ካቴናው የሚቀየርበት ጊዜ ደርሷል። ያረጀ ካቴና ይዞ መቆየት የኋላውን ጥርስ ጭምር ስለሚበላው፣ ዘግይቶ የቀየረ ሰው አዲሱ ካቴናም ሲዘልበት ያያል፤ ያን ጊዜ ሁለቱን አንድ ላይ ከመቀየር ሌላ መፍትሄ የለም።

የሚወልቀው ካቴና ግን አብዛኛውን ጊዜ አዲስም ሊሆን ይችላል። ነጂው ዳገቱ መሃል ከደረሰ በኋላ፣ ፔዳሉን በሙሉ ጉልበት እየረገጠ ማርሽ ሲቀይር ካቴናው በተወጠረበት ይንሸራተታል። ማርሹ የሚቀነሰው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት፣ እግሩ ለአንድ ዙር ቀለል ብሎ እየዞረ ነው። ይህን እያደረጉም ከወለቀ፣ ማርሽ ቀያሪው ላይ ካሉት ሁለት ትናንሽ ብሎኖች «ኤል» የተጻፈበትን በካቻቪቴ በሩብ ዙር ብቻ እየጠበቁ ይሞክሩ።

ምልክት፦ ጉልበት ያማል፣ ትንፋሽ ያጥራል

በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከአፋር ቆላ ወይም ከሌላ ዝቅ ያለ አገር የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ቢደክም የሰውነቱ ድክመት አይደለም፣ ኮምቦልቻ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ መውጣት ይረዳዋል። የጉልበት ሕመም ግን ከከፍታው ጋር ግንኙነት የለውም። ሕመሙ ከጉልበት ፊት ለፊት ከሆነ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ወይም ማርሹ ከብዷል፤ ከኋላ በኩል ከሆነ ኮርቻው ከልክ በላይ ከፍ ብሏል። ተቀምጠው ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ሲያሳርፉ፣ ፔዳሉ በዝቅተኛው ቦታ ላይ ሳለ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። አንድ ማርሽ ብቻ ባለው ብስክሌት ሀረጎን ለመውጣት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ዳገት በእግሩ እንደሚገፋ ቢያውቅ መልካም ነው፤ ይህም ጉልበቱን ከመጉዳት እጅግ ይሻላል።

ምልክት፦ በፍጥነት ሲወርዱ መሪው ይንቀጠቀጣል

ጭነቱ በሙሉ ከኋላ፣ ያውም ከፍ ብሎ ታስሯል። ለጊዜው መሪውን ጨብጠው ከመታገል ይልቅ የብስክሌቱን አግዳሚ ብረት በሁለት ጉልበትዎ መሃል አጥብቀው ይያዙና ቀስ ብለው ፍጥነት ይቀንሱ። ሲቆሙ ከባዱን ዕቃ ወደ ታች ያውርዱ፤ ከፊሉንም ወደ ፊት ያዛውሩ።

ምልክት፦ ጎማው ደጋግሞ ይተነፍሳል

ሐይቅ ከተማን አልፎ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወዳለበት የውሃ ዳር በጥርጊያ መንገድ የሚሄድ ሰው ይህን በቶሎ ያውቀዋል። ጎሚስታ ከመፈለግ በፊት ቀዳዳው የት እንዳለ መመልከት ይጠቅማል። በመሬት በኩል አንድ ትንሽ ቀዳዳ ካለ እሾህ ነው፤ የውስጡን ጎማ ከመመለስ በፊት የውጪውን ጎማ ውስጥ በጨርቅ ዳስሰው ተሰብሮ የቀረውን ጫፍ ያውጡ። ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ከታዩ ጎማው ነፋስ አንሶት በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጧል፤ የኋላውን በተለይ ከጭነቱ ጋር የሚመጣጠን ያህል ይንፉት። ቀዳዳው በውስጥ በኩል፣ በቸርኬው አቅጣጫ ከሆነ ደግሞ የሽቦዎቹን ራስ የሚሸፍነው ጥብጣብ ተንሸራቷል ወይም ተቀዷል፤ እሱ ሳይስተካከል የሚለጠፍ ሁሉ ከንቱ ነው።

በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ የረጠበ ቸርኬ ፍሬኑን ወዲያው አይቀበልም፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት የጎማ ዙሮች ውሃውን በመጥረግ ብቻ ያልቃሉ። ስለዚህ በዝናብ ጊዜ ከመታጠፊያው ራቅ ብለው ፍሬኑን በስሱ ነካ አድርገው ያድርቁት፤ ከደሴ ሲነሱ ጉም ካለ ደግሞ የኋላ መብራት አብርተው ይውረዱ፣ ጉሙ መንገዱን ከሸፈነውም እስኪገለጥ ይቆዩ።