ከቆርቆሮ አጥር ሥር፦ ጣዕም ያለው ጎመንና ቲማቲም በመሐል ከተማ

ግቢያችን አዲስ አበባ፣ አፍንጮ በር አካባቢ ነው። አምስት ቤተሰብ ይጋራዋል፤ ግማሹ ሲሚንቶ ለብሷል። የእኔ ድርሻ ከቆርቆሮው አጥር ሥር ያለችው ጥግ ናት፤ ርዝመቷ ስድስት ሜትር፣ ወርዷ አንድ ሜትር ተኩል። ከዚህች ጥግ ለስምንት ዓመት ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮትና ቲማቲም በልተናል። የጎረቤት ልጆች «ጋሼ፣ ዘሩን ከየት አመጡት?» ይሉኛል። ዘሩ ማንም የሚገዛው የገበያ ዘር ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ቸኩዬ ነበር። አንድ ዘመዴ ከገጠር ዩሪያ የተባለውን የናይትሮጂን ማዳበሪያ አምጥቶልኝ በየሳምንቱ እፍኝ እፍኝ በተንኩ። ጎመኑ ጃንጥላ አከለ፤ ጎረቤቱ ሁሉ አደነቀ። ባለቤቴ ግን ሠርታ ቀመሰችውና «ይህ ጎመን ውሃ ውሃ ይላል» አለች። በዚያ ላይ ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል መጣጭ ጥቃቅን ተባይ ከቅጠሉ ሥር እንደ አመድ ተነስንሶ ተገኘ። ሁለቱም የመጡት ከእኔው እጅ ነው። ናይትሮጂን የበዛበት ተክል ውሃ የሞላበት ለስላሳ ቅጠል ያወጣል፤ ክሽክሽም የሚወደው እሱን ነው። ዩሪያውን ለዘመዴ መለስኩለትና ከአፈሩ ጀመርኩ።

ከአፈሩም በፊት ግን ፀሐይዋን ተመልከቱ። ቦታው በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ካላገኘ ቲማቲም አትድከሙበት፤ ቆስጣና ሰላጣ ትከሉ። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፦ በእኛ አገር ፀሐይ በሰኔ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በክረምት ብርሃን የጠገበ ጥግ በበጋ የጎረቤት ፎቅ ጥላ ሊውጠው ይችላል። ስለዚህ ከመትከላችሁ በፊት በበጋም አንድ ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ወጥታችሁ እዩት።

ወደ አፈሩ ስመለስ፣ ከአስፋልት ዳር ወይም ከፈረሰ ቤት ሥር የተዛቀ አፈር አትጠቀሙ። የመኪና ጭስና አሮጌ ቀለም እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ይተዉበታል፤ ሥራ ሥርና ቅጠላ ቅጠል ደግሞ ከአፈሩ ጋር አብሮ ወደ ገበታ ይቀርባል። እኔ አንድ ጊዜ «የደን አፈር» ተብሎ የተሸጠልኝን ጭነት ስገለብጠው የጡብ ስባሪና የኖራ ድቃቂ ሆኖ አገኘሁት። መሬታችሁን ከተጠራጠራችሁ በከረጢት ትከሉ። ማዳበሪያ ብለን በምንጠራው ከረጢት ውስጥ ጎመን ያለ ማዳበሪያ አሳድጋለሁ ስል ባለቤቴ አሁንም ትስቃለች። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ ግማሽ እጅ አሸዋ ቀላቅሉና ሙሉ፤ ታችኛውን ጫፍ ውሃ እንዲያሳልፍ አራት አምስት ቦታ ብሱት።

ብስባሹ የነገሩ ሁሉ እምብርት ነውና እዚህ ላይ አትሳሱ። ሁለት ባልዲ ደረቅ ነገር ለአንድ ባልዲ እርጥብ ነገር። ደረቁ የወደቀ ቅጠል፣ የተቀዳደደ ካርቶን፣ ከበዓል ማግስት ከየቤቱ የሚጠረግ ቄጠማ ነው። እኔ ቄጠማውን ከአምስቱም ቤት እለምናለሁ፤ ማንም ከልክሎኝ አያውቅም። እርጥቡ የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ የቡና አተላ ነው። ሥጋና እንጀራ አይጥ ስለሚጠሩ ይቅሩ። ጨብጣችሁ ስትጨምቁት ሁለት ሦስት ጠብታ ብቻ ከወጣው እርጥበቱ ልክ ነው። በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡት። በእኛ ቅዝቃዜ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈልጋል፤ ሲደርስ ዝናብ የነካው መሬት ይሸታል። የከሰል አመድ በጣም ጥቂት፣ ያውም ተነፍቶ፤ ሲበዛ አፈሩን ያበላሻል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ፈጽሞ አይግባ። እኔ አንድ ዓመት ጆንያ ሙሉ ጨመርኩና ያ ብስባሽ የገባበት መደብ ላይ ካሮት ሳይበቅል ቀረ። ዘር እንዳይበቅል የሚከለክል ነገር በውስጡ አለው።

የበግ ወይም የላም ፍግ ካገኛችሁ መልካም ነው፤ ትኩሱን ግን በጥሬው ለሚበላ ነገር አታቅርቡ። ከመሬት ውስጥ ከገባ በኋላ እስክትቆርጡ ድረስ አራት ወር ይለፍ። ካሮትም ትኩስ ፍግ ሲያገኝ እንደ ሹካ ይሰነጣጠቃል።

ስለ ጊዜው። ቲማቲም በክረምት አትትከሉ፤ ቅጠሉን እያጠቆረ የሚያበሰብሰው በሽታ በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል። እኔ ኅዳር መግቢያ ላይ በተሰበረ ባልዲ እዘራለሁ፤ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ፊቱን ወደ ደቡብ ከሰጠው ቆርቆሮ ሥር አዛውራለሁ። ቆርቆሮው ቀን የሚመታውን ፀሐይ ይመልስለታል። ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ላይ የሌሊቱ ብርድ አበባ ያረግፋልና በዚህ አቆጣጠር አበባው ወደ የካቲት ይሻገራል። የመጀመሪያው ቀይ ፍሬ የሚገኘው ዐቢይ ጾም ሊያልቅ ሲል ነው፤ ቲማቲም ቁርጥ ከዚያ የተሻለ ወቅት የለውም። ማርግሎብ ለጥሬ፣ ሮማ ለስልስ። ጎመን ግን ብርዱን ይወዳል። በነሐሴ ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚቆረጥ ጎመን ይጣፍጣል፤ ሲበርደው ስኳር ያከማቻልና።

ውሃ ላይ ሰነፍ ሁኑ። በየቀኑ መርጨት ሥሩን ከላይ ያስቀረዋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አፈሩ በደንብ እስኪርስ አጠጡ፤ ከላዩም ደረቅ ሳር አልብሱት። ቲማቲሙ መቅላት ሲጀምር ውሃውን ቀስ በቀስ ቀንሱ፤ ጣዕሙ ያኔ ይጠነክራል። ፈጽሞ አድርቃችሁ ድንገት ካጠገባችሁት ግን ፍሬው ይሰነጠቃል። በፈረቃ የሚመጣውን የቧንቧ ውሃ በርሜል ውስጥ አሳድሩት። ከወንዝ አትቅዱ፤ እነ ቀበና በከተማው መሐል የሚወርዱት የመጸዳጃ ፍሳሽ ተሸክመው ነው።

ክሽክሽ ከመጣ አንድ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ሳሙና በአንድ ሊትር ውሃ ሟሙቶ ከቅጠሉ ሥር ማታ ማታ ይረጫል፤ ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡት። ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላትን ጥንዚዛ አትግደሉ፤ ክሽክሽ የምትበላላችሁ እሷ ናት። በክረምት ቀንድ አውጣ ይመጣል። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ አስተውለው፣ ቀንድ አውጣ ለሚያስተላልፈው ለቢልሃርዚያ በሽታ መከላከያ አድርገውታል። ለምበላው ሰላጣ ግን መርዝ መርዝ ነውና አልደፍረውም። ማታ በባትሪ እየለቀምኩ አወጣዋለሁ።

አሁን ስለ ጤናው። ዩሪያ ያልነካው ሁሉ ቫይታሚኑ ይበልጣል ብዬ አልምልም። የማውቀው፣ ቅጠል ከተቆረጠ ሰዓት ጀምሮ በተለይ ቫይታሚን ሲ እየቀነሰ እንደሚሄድ ነው። ከመቂና ከባቱ የሚመጣው ቲማቲም ሳጥን ውስጥ እንዳይፈርጥ ሳይበስል ይለቀማል፤ የእናንተ ግን ከተክሉ እስከ ገበታ አሥር እርምጃ ነው። ይህን ዕድል አታባክኑት። ሰላጣ ማለዳ ጤዛው ሳይለቅ፣ ጎመን ወደ ማታ ሽንኩርቱ ሲቁላላ ይቆረጥ። ጎመንን ቀቅሎ ውሃውን መድፋት የቆየ ልማድ ነው፤ ከውሃው ጋር ግን ብዙ ነገር አብሮ ይደፋል። በጥቂት ውሃና በዘይት ክደኑት፤ ዘይቱ ካሮቲኑ፣ ማለትም ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር፣ ከሰውነት ጋር እንዲዋሐድ ያግዛል። ቲማቲም ፍሪጅ ውስጥ አይግባ፤ መዓዛው ይጠፋል።

በመጨረሻ ከሀበሻ ጎመናችሁ ሁለቱን አትቁረጡ። ቶሎ ያበበውን ሳይሆን ዘግይቶ ያበበውን፣ ቅጠሉ የጣፈጣችሁን ምረጡ። አበባውን ንብ ይጎበኘዋል፤ ፍሬው ደርቆ ሲንኮሻኮሽ ጨርቅ ላይ ውቁት። ዘሩን በወረቀት ፖስታ አድርጉና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት። እኔ አንዴ በላስቲክ አስሬ ሻግቶብኛል።