ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት፦ የአሮጌ ቤት ግድግዳ ለምን ይረጥባል?

ሐዋሳ ውስጥ አሮጌ ቤት ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። ለፋሲካ የተቀባው ግድግዳ ክረምቱ ሳይጋመስ ያብጣል፣ ይላላጣል፤ ከሥሩም ነጭ ዱቄት ይረግፋል። በዓመቱ ሌላ ቀለም ይገዛል። እኔም አራት ፋሲካ እንዲህ ከቀባሁ በኋላ ነው ጥፋቱ የቀለሙ እንዳልሆነ የገባኝ። መጀመሪያ የሚታየው እርጥበቱ የት ድረስ እንደሚደርስና መቼ እንደሚብስ ነው።

ከወለል ተነስቶ እስከ ጉልበት ወይም እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ጫፉ ላይ ነጭ መስመር ያለው እርጥበት ከመሬት የሚመጣ ነው። በመሠረቱና በግድግዳው መካከል ላስቲክ ያልተነጠፈለት ቤት፣ የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስብ ውሃ ይስባል። ውሃው ሲተን በውስጡ የነበረው ጨው ይቀራል፤ ነጩ ዱቄት እሱ ነው። ወደ ሐይቁ በሚጠጉ ዝቅተኛ ቦታዎች የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ ነገሩ ይብሳል። ይሁን እንጂ ሐይቁን ከመውቀሳችሁ በፊት ወጥታችሁ ግቢያችሁን ተመልከቱ። እኛ ሰፈር ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ አለ፤ እኔም ግቢዬን ከመንገዱ ጋር ላስተካክል ብዬ ገረጋንቲ አስደፋሁ። አፈሩ ከሳሎኑ ወለል በልጦ ግድግዳውን ታክኮ ቀረ። በገዛ ገንዘቤ ያመጣሁት እርጥበት ነበር።

መፍትሄው አካፋ ነው። የውጪው መሬት ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ድረስ አስጠርጉ፤ ውሃው ከግድግዳው እንዲሸሽም ተዳፋት አድርጉለት። ቀጥሎ የተበላሸውን ልስን ከእርጥበቱ ጫፍ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብላችሁ አራግፉ። ጨውን በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ እንጂ አትጠቡት፤ ከታጠበ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። ከዚያ መጠበቅ ነው፤ ወፍራም ግድግዳ ለመድረቅ ወራት ይፈልጋል። ሥራውን በኅዳር የጀመረ በጋው ያግዘዋል። በሐምሌ የሚለስን ግንበኛ ግን ለከርሞ ሥራ እያዘጋጀ ነው።

የጭቃ ቤት ጉዳይ ለብቻው ነው። ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ በሲሚንቶ ተለስነዋል። ጭቃና ሲሚንቶ አብረው አይኖሩም፤ ሲሚንቶው ሲሰነጠቅ ውሃ ያስገባል፣ የገባውን ግን አያስወጣም። በጣታችሁ ስታንኳኩት ባዶ ድምፅ ከሰጠ ከጭቃው ተላቋል ማለት ነው። እዚያ ቦታ ልስኑን አንሱና የእንጨቱን ሥር በካቻቢቴ ውጉት። ካቻቢቴው ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ በስብሷል ወይም ምስጥ ገብቶበታል፤ ልስን ከማሰብ በፊት እሱን ማስቀየር ይገባል። ጉዳቱ ከተጠገነ በኋላ በጭድ በተቦካ ጭቃ መርጎ በኖራ ማልበስ፣ ሲሚንቶ ከመመለስ ይሻላል።

ከጣሪያ የሚወርድ እርጥበት ቀላል ነው፤ ከዝናብ በኋላ ይሰፋል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይጠባል። ቅጠል የደፈነውን አሸንዳና የላላውን የቆርቆሮ ሚስማር ፈልጉ።

በበጋም የማይደርቅ እርጥበት፣ በተለይ በመታጠቢያ ቤት አካባቢ፣ ቧንቧን ያስጠረጥራል። ውሃ ባለበት ሰዓት ቧንቧዎችን ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን አንብቡ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ድገሙት። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ውሃው የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው።

ከቁም ሳጥን ጀርባ ወይም በጣሪያ ማዕዘን ጥቁር ሻጋታ ብቻ ካለ ግን ግድግዳው አልቦት ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፋችሁ ሁለት ቀን ተዉት። ጠብታው በክፍሉ በኩል ከታየ የቤቱ እንፋሎት ነው፤ ምግብ ሲበስል መስኮት ክፈቱ፣ ቁም ሳጥኑንም አንድ ስንዝር ከግድግዳው አርቁት። ጠብታው ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ወደ አካፋው ተመለሱ።